እመት

«ሐኪም ጋ እንውሰዳት እያልኩህ ነው» አለች እናት፣ ልብስ ከሻንጣ እያወጣች። «ሰው አገር ከገባን አምስት ቀናችን፣ ልጄ አንዲት ቃል አልወጣትም።»

«የመጣው ሰውነቷ ነው፤ ልቧ ገና መንገድ ላይ ነው። አትነዝንዢኝ።»

«የጠፋው ሻንጣ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አቤቱታ ጽፈህ ነበር።»

ሰዓቱ የተዛባበት ትንሹ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። አባት ወደ መኝታ ቤቱ ዞሮ የስድስት ዓመት ልጁን ተጣራ።

«የኔ እናት!»

«እመት» አለ የልጅቷ ድምፅ ከውስጥ።

ባልና ሚስት ተያዩ። አያቷ ያስለመደቻት ለእናቷ «እመት»፣ ለአባቷ «አቤት» ማለትን ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም።

«ተምታቶባት ነው» አለ አባት።

«ይምታታባት፣ ብቻ ታውራልኝ» አለች እናት እንባዋን እየጠረገች፤ ተያይዘው ገቡ።

ወዲያው ከመኝታ ቤቱ የሦስት ሰው ሳቅ ተሰማ።

ልጅቷ ሳሎን ካለው የምግብ ጠረጴዛ ሥር ወጣች። ጫማዋን አጠለቀች፣ የተኛ ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፣ የውጪውን በርም ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው።