የጋሽ ኑሩ አሚን

በዚያ የባዕድ አገር ብርድ የሐበሾቹ መረዳጃ ማኅበር አምስት ሰው ቀበረ። መሬቱ በውርጭ ጠጥሮ ማሽን እስኪከፍተው ድረስ ቀባሪው መኪና ውስጥ ሞተር እንዳስነሳ ይጠብቅ ነበር። የኮሮና ጊዜ ስለሆነ ከአሥር ሰው በላይ አይፈቀድም፤ ለቅሶም የሚደረሰው በስልክ ነበር። አራቱን ጀናዛ ኑሩ አጠበ። አምስተኛውን ወገቤን አሞኛል ብሎ ቀረ። አምስተኛው ጠሃ ነበር፤ ከደሴ ጀምሮ አብሮት ያደገ፣ ኦግደን ሠፈር መጋዘን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሣጥን የጫነ፣ በዚህ አገር ከኑሩ በቀር ዘመድ ያልነበረው።

አሁን አራት ዓመት አልፎታል። ኑሩ ሜይላንድ ሃይትስ ሠፈር አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የመረዳጃ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት እሑድ ነው። አንዱ ተወዳዳሪ፣ ታክሲ ነጂው ሪድዋን፣ ተናግሮ ወርዷል። ማይኩን የያዘችው ሀጅራ ናት፤ ጠሃ የሞተበት የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ። ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

ኢስሀቅ ከኋላ ተነስቶ ስልኩን ከፍ ያደርጋል። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሁላችሁም ፎርዋርድ ስታደርጉት የከረማችሁትን ነው» ብሎ ያነባል።

«ያ አላህ፣ መጨረሻችንን አሳምርልን። ከወገን ርቀን ከመሞት ጠብቀን። ወንድማችን ጠሃ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳን፣ የሚያስብለው ሰው አጥቶ ሞተ። በሩን የዘጋችበት፣ ለማንም እንዳይነገር ያደረገችው ዛሬ ልምራችሁ የምትለው ሀጅራ ናት። አላህን የምትፈራ ለሃያ ሰው አስተላልፍ።»

«ውሸት ነው» ትላለች ሀጅራ። «አለቆቼ አንድ ሰው ማስክ አድርጎ መግባት ይችላል እንዳሉኝ ወዲያው ኮል አድርጌያለሁ።»

«ለማን?»

«እሱን አልናገርም።»

«አያችሁ፤ ገና ሳትመረጥ ምስጢር ጀመረች» ይላል ኢስሀቅ። ከኋላ ይሳቃል። «እኔ እንኳ አላምንም ነበር። ግን ጋሽ ኑሩ ናቸው አሚን ብለው የላኩልኝ። ጀናዛ ሲያጥቡ ያዩትን ለልጃቸው እንኳ የማያወሩ ሰው ናቸው። እሳቸው አሚን ያሉበትን እኔ ማን ሆኜ ነው የምጠራጠረው?»

አንገት ሁሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይዞራል።

ስብሰባውን የምትመራው ሸዋወርቅ ፈገግ ትላለች። «ኧረ ተው ኢስሀቅ። ጋሼ ስልካቸው ላይ ምን መጥቶ አሚን የማይሉት አለ? ባለፈው የልጄን ልደት ኬክ ፎቶ ብልክላቸው አሚን ብለውኛል።» አዳራሹ በፍቅር ይስቃል። «ዱዓውን አይተው ነው። ታቹን አላነበቡትም። አይደል ጋሼ?»

የሚፈለግበት ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው።

ማንበቡን ግን አንብቦታል። መነጽሩን አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። ውሸት መሆኑን ከሀጅራ ሌላ የሚያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ መስጊድ በር ላይ እሷ ስታልፍ ጫማ የሚፈልግ መስሎ እያጎነበሰ ኖሯል። መልእክቱ ሲደርሰው የተሰማው ቁጣ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ሰው በሩን የዘጋችው እሷ ናት ብሎ ካመነ፣ ተጠርቶ የቀረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። አሚን ብሎ ጻፈ። ሃያ ሰው ቆጥሮ ላከ።

ሀጅራ ወደ እሱ አትመለከትም። ማይኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ስሙን ብትጠራ ነገሩ ያልቃል። አትጠራም።

ኑሩ የፊተኛውን ወንበር ተደግፎ ይነሳል።

«አንብቤዋለሁ» ይላል።

«ዱዓውን ማለትዎ ነው ጋሼ» ትላለች ሸዋወርቅ።

«ታቹን። ሁለቴ ነው ያነበብኩት።» ወደ ኢስሀቅ ዞር ይላል። «የደወለችው ለእኔ ነው። ሦስት ጊዜ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ስሟን እያየሁት ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። በሽታውን ፈርቼ ነው፤ ሬሳ አይተነፍስም፣ እሱ ግን ይተነፍስ ነበር። የእሷ ሐቅ እኔ ጋ ነበር፤ ይኸው፣ ሰው ፊት መለስኩ።»

ኢስሀቅ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከተዋል።

ኑሩ ወደ ሀጅራ ይዞራል። ያን ሰሞን ሊጠይቃት ሲገባው ያልጠየቃትን አሁን ይጠይቃታል። «እንዴት ሆኖ ሞተ?»

ማይኩን ታወርዳለች። ያለ ማይክም ይሰማል። «ሸሃዳውን በጆሮው እኔ አልኩለት። ከንፈሩን አንቀሳቅሷል፤ አይቻለሁ።»

«እኔን ጠየቀ?»

«ይተዉት ጋሼ።»

«ንገሪኝ።»

«ኑሩ መጣ ወይ፣ ኑሩ መጣ ወይ ይለኝ ነበር።» መሬት መሬት ታያለች። «መንገድ ላይ ናቸው አልኩት።»

ኑሩ ከረድፉ ወጥቶ ወደ እሷ መራመድ ይጀምራል። ሰዎች እግራቸውን እየሰበሰቡ ያሳልፉታል። ሌላ ጊዜ ክንዱን ለመያዝ የሚሽቀዳደሙት ዛሬ ተቀምጠው ያዩታል።