የፀጉር እጥረት

ኮፍያ ሰፊዋ ሱቃቸውን የከፈቱት ሰው ሁሉ ጥሩ ፀጉር ባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። ኮፍያዎቹ ምንም አይወጣላቸውም፤ ጨርቃቸው ወፍራም፣ ጠርዛቸው በቀይ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ነው። ገዢ ግን አልነበረም። ሰዎች ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ መስታወት ያያሉ፣ ፀጉራቸው መተኛቱን ሲያዩ አውልቀው ይወጣሉ።

አከራዩ በዚያ ሰሞን የማታ ትምህርት ጀምሮ ነበር። የሚማረው ኢኮኖሚክስ ነው። ከጀመረ ገና ብዙም አልቆየም፤ ያገኘውን ሰው ግን ሳያስተምር አያልፍም። አንድ ቀን መጥቶ የኮፍያ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀናዎት ክፍሉን እፈልገዋለሁ። ክፋት እንዳይመስልዎት። ሳይንስ ነው።»

«ሳይንሱ ምን አለ ልጄ?»

«ፀጉር የኮፍያ ተተኪ ዕቃ ነው አለ። አንዱ ካለ ሌላው አያስፈልግም ማለት ነው። ፀጉር ደግሞ በነጻ ይበቅላል። በነጻ ከሚበቅል ነገር ጋር ማን ይወዳደራል?»

«እንዲያ ነው እንዴ» አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎችስ እስካሁን ተከራይ አላገኙም?»

«አላገኙም። ለእነሱም ፍላጎት የለም።»

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ተከራዩ። በግራ በኩል ፀጉር አስተካካይ ገባ። በማግስቱ በቀኝ በኩል ሌላ ፀጉር አስተካካይ ገባ። አከራዩ እጁን አፋተገ።

«ውድድር» አለ። «ምዕራፍ አራት ላይ አለ።»

ሁለቱ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ተጣሉ።

«አንተ ፀጉር ነው የምትቆርጠው ወይስ ሣር ነው የምታጭደው?» አለ የግራው፣ በሩ ላይ እንደ ቆመ።

«ያ አፍንጫህ ጋርዶህ ነው እንጂ ብታየው ትማርበት ነበር» አለ የቀኙ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የቀኙም አፍንጫ ቢሆን የሚያንስ አልነበረማ። ጠቡ በየቀኑ ባሰ። መቀሱም፣ ወንበሩም፣ አረማመዱም ተሰደበ። ወላጅ ግን ማንም አላነሳም።

«ጨዋ ጠብ ነው» አለች ዳቦ ሻጯ።

መሃል ላይ የተጎዱት ኮፍያ ሰፊዋ ናቸው። የሁለቱ ወረፋ በራቸውን ዘጋው። አንዳንዴ ብቅ ብለው ሊያስታርቁ ይሞክራሉ።

«ተዉ እንጂ ልጆች» ይላሉ። «እሱ በግማሽ ዋጋ ቢቆርጥ አንተ ምን አገባህ?»

የግራው በግማሽ ዋጋ መቁረጥ የጀመረው ይህን ካሉ በኋላ ነው። የቀኙ በነጻ አደረገው። የግራው ለተቆረጠ ሁሉ ሳሙና ሰጠ። የቀኙ ጃንጥላ ሰጠ። ኮፍያ ሰፊዋ ራሳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ያልታሰበ ችግር መጣ። ፀጉር አለቀ።

ጠዋት ሳሙና የወሰደ ሰው ከሰዓት ጃንጥላ ፈልጎ ይመጣል፤ አናቱ ላይ ግን የሚቆረጥ ነገር የለም። አስተካካዮቹ በር ላይ ቆመው የአላፊ አግዳሚውን አናት ይመለከታሉ። ባሎች ሚስቶቻቸውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። ዳቦ ሻጯ ረጅም ፀጉሯን ሰጥታ ድስት ከነክዳኑ ይዛ ተመለሰች። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ግማሹን ተቆርጦ ግማሹን ለክፉ ቀን አስቀመጠ። አንድ አባት ልጁን መንገድ ላይ ሲቆጣት ተሰማ።

«ማበጠሪያውን ቀስ አድርጊው። አታባክኚ።»

«እጥረት ይሉሃል ይሄ ነው» አለ አከራዩ። «አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይወጣል።»

በሰፈሩ የቀረው የመጨረሻ ጎፈሬ የእሱ ነበር። አልቸኮለም። ሁለቱ በሮች መሃል ሄዶ ቆመ። የግራው ወንበር እሰጣለሁ አለ። አከራዩ ራሱን ነቀነቀ፤ ጎፈሬውም አብሮት ተነቀነቀ። የቀኙ ደግሞ ፍራሽ እሰጣለሁ አለ።

ፍራሹን ራሱ ተሸክሞት ሄደ። ጠርዙ በቀይ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ደህና ፍራሽ ነበር።

«ሁለቱም መክሰራቸው ነው» አለ ከፍራሹ ስር፣ በኮፍያ ሱቁ በኩል ሲያልፍ። «አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ የቀረው ሞኖፖሊ ይሆናል። እርስዎ ግን አያዩትም እማማ። ወሩ ሊያልቅ ነው።»

«ያሳዝናሉ» አሉ ኮፍያ ሰፊዋ።

ወሩ ሳያልቅ ነፋሱ ገባ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ ድሮ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። አሁን መንገዱ አናቱን በሁለት እጁ በያዘ ሰው ተሞላ። የሚጨባበጥ ጠፋ። ወረፋው እንደሆን ድሮም የኮፍያ ሱቁ በር ላይ ነው፤ ፊቱን ማዞር ብቻ ነበር የቀረው።

አከራዩ ቁልፍ ሊቀበል መጣ። ጆሮው ቀልቷል።

«ቁልፉን» አለና መደርደሪያውን አየ። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። «እስቲ መጀመሪያ ያን ጥቁሩን ያሳዩኝ።»

«እሱ ተወዷል ልጄ» አሉና ዋጋውን ነገሩት።

«ባለፈው እኮ ግማሹን ነበር ያሉኝ።»

«ባለፈው ፀጉር ነበረህ።»

ከፍሎ አጠለቀው፤ እስከ ጆሮው ድረስ ሳበው። ቁልፉን ሳያነሳው ሄደ።

አመሻሽ ላይ ኮፍያ ሰፊዋ ባዶውን መደርደሪያ ጠርገው የፊቱን በር ዘጉ። ፀጉር አስተካካዮቹም ዘጉ። የግራው በሩን እየቆለፈ «ሣር አጫጅ» አለ። የቀኙ «አፍንጫም» አለ። ተገላምጠው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዱ።

ትንሽ ቆይቶ የኮፍያ ሱቁ የጓሮ በር ተንኳኳ፤ ከዚያ እንደገና ተንኳኳ። ኮፍያ ሰፊዋ ሦስት ሳህን አወጡ።

«እማዬ፣» አለ የግራው፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «ነገ ቀድሞ የሚሳደበው ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ ወንድሜ?»