ያልተገኘው ፋይል

ያፌት ፍቅረኛውን ሶስናን ፊት ለፊት መጠየቅ ቢያሳፍረው፣ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ ድምፁን ቀዳና አብረው በሚሠሩበት ቢሮ እሷ የምትሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲነሳ እንዲሰማ አድርጎ ደበቀው። ፋይሉን «ሰርግ» አለው።

በማግስቱ ሶስና የቢሮውን ሰው ሁሉ ሰብስባ ፕሮግራሙን አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ «ሰርግ የሚባል ፋይል አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«የምን ሰርግ ነው? ያፌት፣ እስቲ ና እየው» አለችው።

እየሮጠ መጣ። ፎልደሩን ቢከፍት ፋይሉ አለ፤ ስሙ ግን «ሠርግ» ሆኗል። ማን ነካው? ሰዉ ሁሉ ያየዋል። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ» አለና ስሙን ወደ «ሰርግ» መልሶ ፕሮግራሙን አስነሳው።

የራሱን ድምፅ ሲጠብቅ ከስፒከሩ የሶስና ድምፅ ወጣ።

«ጥያቄህን ጠዋት ሰምቼዋለሁ። ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፤ አርሜልሃለሁ። አዎ፣ አገባሃለሁ።»