የጋቢናው ቀኝ በር

ውድነሽ የሟች ባሏን አሮጌ ፒክአፕ ወደ ጋራዥ ያስጎተተችው ለሙት ዓመቱ እንዲደርስላት ብላ ነበር። መካኒኩ ሻፊ ዙሪያውን አየና፣ «እትዬ፣ ሞተሩ አይታማም። ራዲያተሩ ይታጠብ፣ የፍሬኑ ሸራ ይቀየር፣ ዝገቱም ይፋቅ» አላት።

«ከሁሉ በፊት ያንን ቀኝ በር ሥራልኝ» አለች። «ለሙት ዓመቱ እንኳ ጋቢና ተቀምጬ ቤተ ክርስቲያን ልሂድለት።»

ትዳሯን ሙሉ ገበያ የሄደችው ከኋላ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት ነው። «ያኛው በር አይከፈትም፤ በእኔ በኩል እንዳትገቢ ደግሞ ማርሹ አያሳልፍሽም። አይዞሽ፣ አሠራዋለሁ» ይላት ነበር ባሏ።

ሻፊ ከባሏ ቁልፎች መሃል ትንሿን መርጦ በሩ ላይ ሰካት። በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ።

«በሩማ ደህና ነው፤ በቁልፍ ተዘግቶ ነው እንጂ» አለ፣ ብረቱን በጣቱ እያነቃነቀ። «ማጠፊያው ግን ሲከፈት ሲዘጋ ኖሮ ከሾፌሩ በር እኩል ተበልቷል። አዲስ ልግጠምልዎ?»

ውድነሽ ባዶውን ወንበር አየችና ትንሿን ቁልፍ ከበሩ ነቀለች።

«ተወው» አለችው። «በይደህ ዝጋው።»