ስም፣ የንግድ ዓይነት፣ ስልክ፣ ፊርማ

ዕቅዱ አልቆ ከሆነ እነዚህን ሰዎች ለምን ጠራናቸው?

መልሱን አላውቅም። የማውቀው፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የሚታየው ገጽ አሥራ አራት እኔ የጻፍኩት ገጽ አሥራ አራት አለመሆኑን ነው። በእኔ ረቂቅ «እሳት ወይም ጎርፍ የጎዳው ነጋዴ በነበረበት ቦታ መልሶ ይሠራል» ይል ነበር። አሁን «አመቺ ሆኖ በተገኘ ቦታ» ይላል።

ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነን። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚሠሩ ሠላሳ ያህል ነጋዴዎች፣ ሰፈሩ ከአደጋ በኋላ እንዴት እንደሚያገግም «እንዲመክሩ» ተጠርተዋል። አምና ሰባት ሱቅ ተቃጥሎባቸዋል። ዕቅዱን እንዳረቅ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ሙያ ኔዘርላንድስ ተምሬ ከተመለስኩ ዘጠኝ ወሬ ነው።

መድረኩ ላይ ያለው የወረዳው አስተባባሪ ፊሮምሳ ነው። አንደበቱ ይጥማል። ሱቆቹ የተቃጠሉ ጊዜ ሰፈሩን ሦስት ቀን ዳቦ ያበሉት ወይዘሮ ዙለይካ መሆናቸውን እያነሳ ያመሰግናል፤ ያለ ነጋዴው ማገገም የለም ይላል። ባለ ጋራዡ ካሳይ ከኋላ፣ በሚቀጥለው እኔ ጎማ አበላለሁ ይለዋል። ሰው ይስቃል። በሣቁ መሃል ወረቀት መዞር ይጀምራል።

መጀመሪያ እኔ ጋ ይደርሳል። እዚህ ልማዱ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል። ዓይኔ ገጽ አሥራ አራት ላይ እንደተተከለ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለወይዘሮ ዙለይካ አሳልፋለሁ።

እሳቸው ብዕሩን አይነኩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እህታቸው እዚሁ ካዛንቺስ የጨርቅ ሱቅ እንደነበራት ያወሩኛል። እሷም እንዲህ ያለ ስብሰባ ተጠርታ፣ ውሃዋን ጠጥታ፣ ብስኩቷን በልታ ወጣች። ዛሬ ከተማው ዳር፣ ሰው በማያልፍበት መንገድ ላይ ሱቅ ከፍታ ተቀምጣለች። የእሳቸው ዳቦ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ደንበኞቻቸው በእግራቸው የሚመጡ ናቸው።

ወረቀቱን ወደ እኔ ያዘነብሉታል።

«አንተ ፈርመሃል፣ ልጄ?»

«ፈርሜያለሁ። መገኘታችንን ለማወቅ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

ፊቴን ትንሽ ያጠኑና ይፈርማሉ። ከእሳቸው በኋላ የሚጠይቅ የለም። የእሳቸውን እጅ ያየ ሁሉ ተቀብሎ ይፈርማል።

ሻይ ሲባል ፊሮምሳ ጋ እሄዳለሁ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። ስም፣ የንግድ ዓይነት፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከዚያ በላይ ያለው አራት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶ ነው። እስካሁን አላየሁትም ነበር።

«ርዕሱስ?»

«ቢሮ ይሞላል።»

«ምን ተብሎ?»

«አቦ ዶክተር፣ አንተ ደግሞ። በቃ ስብሰባ ነዋ።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚለኝ። «የተሰብሳቢዎች ስም» ብዬ አሁኑኑ ልጻፍበት እለዋለሁ፤ ብዕሬንም አወጣለሁ። ውጭ የቆየ ሰው ሁሉም ነገር ይሸተዋል ይለኛል፣ እየሳቀ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ሲከተው፣ ከፊቱ የገባውን የክፍል መለያ ወረቀት አነባለሁ፦ አባሪ ሁለት።

በእኔው ረቂቅ፣ እኔው በጻፍኩት ማውጫ፣ አባሪ ሁለት «የነጋዴዎች ስምምነት» ነው።

ወደ አዳራሹ እመለሳለሁ። የወይዘሮ ዙለይካ ወንበር ባዶ ነው። የከሰዓቱ ሊጥ ኩፍ ብሎ እንዳያልፍባቸው ወጡ ይለኛል ካሳይ፣ ብስኩት እያላመጠ። ስልካቸው ከቃጠሎው ጥናት ጊዜ ጀምሮ እኔ ጋ አለ። እደውላለሁ፤ አያነሱም። በቴሌግራም እጽፋለሁ።

«እትዬ ዙለይካ፣ ፊርማችንን ከቦታችን ለመነሣት እንደተስማማን አድርገው ሊያያይዙት ነው መሰለኝ። ፊሮምሳ ሳይወስደው ይመለሱ፤ ሁላችንም ከስማችን ጎን “መገኘቴን ብቻ ነው” ብለን እንጻፍበት። አርአያ ነኝ።»

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ይታያሉ፤ አንብበውታል። «እየጻፉ ነው» ይላል ስልኩ። ከዚያ እሱም ይጠፋል።

እንደገና እደውላለሁ። መስመሩ ተይዟል። ትንሽ ቆይቶ የካሳይ ስልክ ይጮኻል። አንስቶ «አቤት እትዬ» ይላል፤ ያዳምጣል። ማላመጡን ያቆማል። «አዎ፣ መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው» ይላል። ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።