ጅብ ያልነካው አንገት

ኸድራ የአህያዋን ራስ ከስልቻው አወጣችና ከክታብ ጸሐፊው ከፈቂ ኻሚስ ምንጣፍ ፊት አስቀመጠችው። ጆሮዎቹ እንደቆሙ ናቸው። አንገቱ ላይ የቀይ ቆዳ ክታቡ ታስሯል፤ ከክታቡ በታች ግን አህያ የለም።

«ቁጭ በይ» አሏት ፈቂ።

«አልቀመጥም። ቅፍለቱ እየጫነ ነው።»

ከአጥሩ ውጭ እውነትም እየጫነ ነበር። አህያ ያናፋል፣ ገመድ ይጠብቃል፣ ሰው ሰውን ይሰድባል። ዝናቡ ሳይገባ ወደ ፋዳሲ ገበያ የሚሄድ የመጨረሻው ቅፍለት ነው። የኸድራ የዓመት ጥጥ ተጠቅጥቆ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ፋዳሲ ካልደረሰ ለክረምቱ ጨውም እህልም የለም። ጦር አህያውን ሁሉ እየነዳ ካለፈ ወዲህ ደግሞ አሶሳ ውስጥ አህያ የሚያከራይ ሰው አይገኝም።

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አለች። «ክታቡ አንገቱ ላይ እስካለ ጅብ አይበላውም፣ ከበላውም እኔን ጠይቂኝ አሉኝ። አንድ የላባ አገዳ ሙሉ የወርቅ ብናኝ ሰጠሁ። በጋውን ወንዝ ውስጥ ጎንብሼ ያጠብሁትን። ማህጁብ ይመስክር።»

የቅፍለቱ መሪ ማህጁብ በሩን ተደግፎ ገመድ ይጠመጥማል። «ብለዋል» አለ። «ቶሎ ጨርሱ።»

«ብያለሁ» አሉ ፈቂ፣ ሳይቆጡ። «ግን ጅብ መሆኑን በምን አወቅሽ? ነብር ቢሆንስ? የነብር ክታብ ሌላ ነው።»

«ነብር ኮቴ ይበላል?»

ፈቂ ነብር ኮቴ እንደማይበላ ያውቃሉ።

«ታስሮ ነበር?»

«ታስሮ ነበር።»

«አየሽ። የታሰረ እንስሳ አይሸሽም። ክታብ የሚረዳው የሚሸሸውን ነው።»

«ፈትቼው ቢሆንስ?»

«የተፈታማ ይጠፋል። ጠፍቶ የተበላ የኔ አይደለም።»

አጥሩ ጥግ አንድ ሽማግሌ ፍየሉን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ለፍየሉ ክታብ ሊያስጽፍለት ነው የመጣው። ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ለማን እንደነቀነቀ አልታወቀም።

ፈቂ ዝቅ ብለው የአህያውን አንገት በጣታቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ፈካ አለ።

«ማሻ አላህ። ማህጁብ፣ ና ተመልከት። ክታቡ ካለበት ወደ ላይ አንድ ጥርስ አላረፈም። ዐይኑ ደህና፣ ጆሮው ደህና፣ አንገቱ ደህና። ክታቡ ሥራውን ሠርቷል።»

«ጥጡን ጆሮው ላይ ልጫነው?» አለች ኸድራ።

«አንገቱ ላይ አሰርሽ፣ አንገቱ ተረፈ። ለጀርባው ሌላ እጽፍልሻለሁ። ወላሂ፣ በነጻ።»

«ለየትኛው ጀርባ?»

ውጭ አንድ ሰው ተጣራ። ከፊት ያሉት አህዮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ማህጁብ አንገቱን አስግጎ አያቸውና ወደ ኸድራ ዞረ። «ጥጥሽን ለጎረቤት አደራ ስጪው። እኔ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

እግሯ አላስቆም አላት። ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ከጎጆው ጀርባ ያለውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። በግራር እሾህ የታጠረ በረት አለ፤ አጥሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ እሾህ በእሾህ ላይ ተደርቦበታል። በረቱ ውስጥ የፈቂ ነጭ አህያ ገለባውን ይቆረጥማል። ወፍራም ነው። አንገቱ ባዶ ነው።

«የእርስዎ አህያ ክታብ የለውም» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም።

ማህጁብ ገመድ መጠምጠሙን ተወ።

«እሱ የቤት ነው» አሉ ፈቂ።

«የኔም የቤት ነበር።»

ሽማግሌው የበረቱን አጥር አየ፣ ፍየሉን አየ፣ እንደገና አጥሩን አየ።

«ያ ፈቂ» አለ በትሕትና፣ «ይህን እሾህ ከየት ነው የቆረጡት?»

ፈቂ ኻሚስን ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ኸድራ፣ ልጄ፣ እስከ ዝናብ ውሰጂው።»

«እስከሚቀጥለው ጥጥ ለቀማ።»

«ኧረ ሰው ሁኚ።»

«ሰውስ ነኝ። ያጣሁት አህያ ነው።»

«ማሽላ እስኪቆረጥ» አለ ማህጁብ። አንድ እግሩ ከበሩ ውጭ ነው። «በዚህ ጨርሱ። ሄጃለሁ።»

«ማሽላ እስኪቆረጥ» አሉ ፈቂ፣ ሽማግሌውን በጎን እያዩ።

«ይሁን» አለች።

የበረቱን መዝጊያ ጎትታ አህያውን አወጣችው። እጇ ሁለት ቦታ ደማ። ጥሩ አጥር ነው።

«መንገድ ላይ ጅብ ቢበላውስ?» አሉ ፈቂ። ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የሰሙት።

ኸድራ ቁጢጥ ብላ ክታቡን ከሞተው አንገት ፈታች። ደሙን በልብሷ ጫፍ ጠረገችው። ቆዳው አንድ ጭረት የለበትም። ነጩ አህያ አንገት ላይ አሰረችውና ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ ሞከረች።

«አይበላውም» አለች። «ከበላውም ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ፈቂን ያያል። ማህጁብም ፈቂን ያያል። ፈቂ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ።

ቅፍለቱ አቧራውን እያስነሳ ቁልቁለቱን ሲወርድ ኸድራና ነጩ አህያ ከሁሉ ኋላ ነበሩ፤ ጥጡ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ክታቡ ይወዛወዛል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ፈቂ ኻሚስ ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ ይከተላሉ። ትከሻቸው ላይ የእሾህ መቁረጫ መጥረቢያቸውን ይዘዋል።