የእማማ ጥሩሰው ጣሳ

ሳያት በግንቦት ማለዳ የግቢውን በር ስትከፍት፣ የሟች ጎረቤቷን የእማማ ጥሩሰውን ጣሳ ግንብ አጥሩ ላይ አየችው። ጤዛው ያልረገፈ አደይ አበባ ሞልቶበት ነበር።

«እሁድ መቃብራቸው ላይ ያስቀመጥሽው አይደል?» አለ ባሏ ከኋላዋ። «አደይ ደግሞ በግንቦት ከየት መጣ?»

እማማ በየመስከረሙ ከአስኮ ሜዳ የቀጠፉትን አደይ በዚያ ጣሳ ሞልተው በአጥሩ ያቀብሏት ነበር፤ እሷም ከጓሮዋ ጽጌረዳ ሞልታ ትመልስላቸው ነበር። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እሁድ ጽጌረዳ ሞልታ መቃብራቸው ላይ ስታኖረው የመጨረሻው መስሏት ነበር።

«አትንኪው» አላት።

እሷ ግን አንስታ አቀፈችው፤ የጣሳው ቂጥ እርጥብ ቀይ አፈር ነበረበት። ዞራ ጓሮዋን አየች። እሁድ የቀጠፈችው የመጨረሻዎቹን ጽጌረዳዎች ነበር።

«ታዲያ ምን ሞልቼ ልመልስላቸው?» አለች። እግሯ ግን የመቃብሩን መንገድ ጀምሮት ነበር።